«ስለ እንቁራሪት ደግሞ ምን ትምህርት አለው?»

ከአንድ የባዮሎጂ መምህር

ክረምት ሲቃረብ በዚህ ግቢ የማይቀር ወሬ አለ። ትምህርታችሁን ለማሻሻል ወደ ዩኒቨርሲቲ የምትሄዱ መምህራንም ሆናችሁ፣ ነገ ተመርቃችሁ ዲግሪ የምታልሙ ዕጩ መምህራን፣ የኮርስ ዝርዝር ይዛችሁ «የቱን ልውሰድ?» ስትባባሉ እንሰማለን። ጄኔቲክስ ቢከብድም ክብር አለው ይባላል። ማይክሮባዮሎጂ የተሻለ ሥራ ያስገኝ ይሆናል ተብሎ ይታሰባል። ከዝርዝሩ መካከል «ሄርፔቶሎጂ» የሚል ስም ብቅ ሲልና ትርጉሙ ሲነገር ግን ሳቁ ሌላ ነው። «አንድ መንፈቅ ሙሉ እባብና እንቁራሪት? ስለ እንቁራሪት ደግሞ ምን ትምህርት አለው? ጮኸች፣ ዘለለች፣ አለቀ!»

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ሳቅ መልስ ነው። ሐሳቤንም ሳላድበሰብስ ልናገር። በዋግ ኽምራ ትምህርት ቤቶች ሳይንስ ለማስተማር የሚዘጋጅ ሰው፣ ዕድሉን ካገኘ፣ ይህንን ኮርስ ከብዙዎቹ አስቀድሞ ሊወስድ ይገባዋል እላለሁ። ኮርሱ የሚሰጥበት መንገድ ግን በብዙ ቦታ የተበላሸ ነው። እሱንም ዝም ብዬ አላልፈውም፤ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ለመሆኑ ነገሩ ምንድን ነው? ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን «ሄርፔቶን» ማለት በደረቱ የሚሳብ ማለት ነው። ትምህርቱ ሁለት ወገኖችን ያጠናል። አንደኛው ወገን እንቁራሪት አስተኔ የምንላቸው እንቁራሪት፣ ጉርጥና ዘመዶቻቸው ናቸው። ሁለተኛው ወገን ገበሎ አስተኔ ሲሆን እባብን፣ እንሽላሊትን፣ እስስትን፣ ኤሊንና አዞን ይይዛል። ሁለቱ በአንድ ጆንያ የታጨቁት ዝምድናቸው ስለጠበቀ አይደለም፤ የጥንቶቹ ሊቃውንት በአንድነት ስለመደቧቸውና ልማዱም ስለቀጠለ ነው። እንዲያውም በዘር ሐረግ ከተሄደ አዞ ከእንሽላሊት ይልቅ ለዶሮ ይቀርባል። ይህን በክፍል ስናገር ሁልጊዜ አንድ ሰው «መምህር ይቀልዳሉ» ይለኛል። ቀልድ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ቁም ነገሩ። ተመርቃችሁ የምትመደቡት ወዴት ነው? ወደ ዝቋላ፣ ወደ አበርገሌ፣ ወደ ሳህላ፣ ወደ ደሃና የገጠር ቀበሌዎች ነው። መኪና የማይደርስበት ትምህርት ቤት ብዙ ነው። ማታ ከብት ሲመልስ የነበረ ልጅ እግሩን ቢነደፍና ጤና ኬላው ተዘግቶ ቢገኝ ሰው የሚሮጠው ወደ ማን ነው? ወደ መምህሩ ነው። «መምህር፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፣ ምን ይሻላል?» ይባላል። በዚያች ሰዓት «እኔ የተማርኩት ስለ ሕዋስ ክፍፍል ነው» ተብሎ አይመለስም!

በአብዛኛው የሚደረገውን እናውቃለን። እግሩ በገመድ ይጠፈራል፤ የተነደፈው ቦታ በምላጭ ይበጣል፤ አንዱ ደፋር በአፉ ይመጣል፤ ጥቁር ድንጋይ የሚለጥፍም አይጠፋም። ሁሉም ልጁን ለማዳን ነው፤ ማንም በክፋት አያደርገውም። ዳሩ ግን አንዴ የገባ መርዝ በብጣት አይወጣም። እንዲያውም የአንዳንድ እፉኝቶች መርዝ ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ የተበጣው ቁስል አላቆም ብሎ ሊፈስ ይችላል። ገመዱም ደም ከልክሎ ሊድን ይችል የነበረውን እግር ለመቆረጥ ያበቃዋል። መደረግ ያለበት ሌላ ነው። ልጁን ማረጋጋት፣ አንድም እርምጃ እንዳይራመድ መከልከል፣ አልቦና ቀለበት ካለው እብጠቱ ሳይመጣ ማውለቅ፣ እግሩን እንደ ተሰበረ አጥንት በእንጨት ደግፎ ማሰር፣ የተነደፈበትን ሰዓት መጻፍና በቃሬዛ አድርጎ ማርከሻ መድኃኒት ይገኝበታል ወደሚባል ሆስፒታል ማድረስ ነው። ይህን ለማወቅ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሰውን በሌሊት ለማሳመን ግን የመምህሩ ዕውቀት መሠረት ያለው መሆን አለበት፤ ለምን ብለው ይጠይቁታልና።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 የእባብ መርዝን ችላ ከተባሉት የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ተርታ አስገብቶታል። በድርጅቱ ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ81 ሺህ እስከ 138 ሺህ ሰው በዚሁ ምክንያት ይሞታል፤ የዚህ ሦስት እጥፍ ያህል ሰው ደግሞ እጅ እግሩን ያጣል ወይም ሌላ ዘላቂ ጉዳት ይደርስበታል። በ2019 የወጣው ዕቅድ ሞቱንና አካል ጉዳቱን እስከ 2030 በግማሽ ለመቀነስ ነው። ተነዳፊው ማን ነው ቢባል፣ በባዶ እግሩ ወይም በሸበጥ የሚያርስ፣ የሚያግድ፣ እንጨት የሚለቅም የገጠር ሰው ነው። ከእናንተ መካከል ወንድሙ ወይም አጎቱ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቆላ ያልወረደ ስንቱ ነው? እዚያ ሠራተኛው ሜዳ ላይ ያድራል፤ ሰሊጡን ጎንበስ ብሎ በእጁ ያጭዳል። በአብደራፊ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በእባብ የተነደፉ የቀን ሠራተኞችን ለዓመታት ሲያክም የቆየው በከንቱ አይደለም።

«ይህማ የሐኪም ሥራ እንጂ የእንስሳት ትምህርት ነው ወይ?» የሚል ይኖራል። መልካም ጥያቄ ነው። የእባብ መርዝ ማርከሻ እንደ ራስ ምታት ክኒን ለሁሉም አይሆንም። የሚሠራው ለተዘጋጀለት የእባብ ወገን ነው። ለሕንድ እባቦች የተሠራ ማርከሻ በጋናና በቻድ ለአፍሪካ እፉኝት ሲሰጥ እየከሸፈ የሟቹ ቁጥር መጨመሩ በሐኪሞች ተመዝግቧል። እንግዲህ በአንድ አገር የትኛው እባብ የት እንደሚኖር ሳይታወቅ የትኛው መድኃኒት ወዴት ይላክ ይባላል? ይህን የሚያውቀው፣ ሰው የሚስቅበትን ኮርስ የወሰደው ሰው ነው።

ከእፉኝቶች መካከል በአገራችን ሰፊ ቦታ የሚገኘውን አንዱን ብቻ ልጥቀስ። አጭርና ወፍራም ነው፤ በጀርባው ላይ የቀስት ራስ የመሰሉ ጥቁር ምልክቶች ተደርድረዋል። ሰው ሲመጣ ብዙ ጊዜ አይሸሽም፤ መልኩ ከአፈሩና ከቅጠሉ ጋር ስለሚመሳሰል ዝም ብሎ ይተኛል። የሚረገጠውም ለዚሁ ነው። ሲመሽ መንቀሳቀስ ይወዳል። ይህን ያወቀ መምህር ተማሪዎቹን «በማታ ያለ መብራት አትሂዱ፣ ዱላችሁን ከፊታችሁ መሬት ላይ አንኳኩ፣ እጃችሁን ሳታዩ ድንጋይ ሥር አትክተቱ» ቢላቸው ምክር ብቻ አይሆንም፣ ምክንያት ያለው ትምህርት ይሆናል።

በሌላ በኩል ከእባቦች አብዛኞቹ ለሰው የሚያሰጋ መርዝ የላቸውም። ይሁንና እባብ የተባለ ሁሉ ፍርዱ ዱላ ነው። አንድ ጊዜ ለተግባር ልምምድ ከወጡ ሠልጣኞች ጋር ስንሄድ አንድ አዛውንት ገበሬ ቀጭን ቡናማ እባብ ገድለው ከአጥራቸው ላይ ሰቅለው አገኘናቸው። ከሠልጣኞቹ አንዱ ጠጋ ብሎ አየውና፣

«አባባ፣ ይኸ እኮ አይጥ በላተኛ ነው፤ ሰው አይገድልም» አላቸው።

«እውነትህን ይሆናል ልጄ። እኔ ግን ጥርሱን ልቆጥር ቆሜ አልጠብቅም» አሉት።

በእሳቸው በኩል ሲታይ እውነት አላቸው፤ ከመሳሳት መግደል ይሻላል ይላሉ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የተባለው ለዚህ አይደል? ነገር ግን እኒሁ አባት ከጎተራቸው ገብስ ስንቱን ለአይጥ እንደሚገብሩ ሲያማርሩ ከአንድ ሰዓት በፊት ሰምተናቸው ነበር። ሁለቱን ነገር የሚያገናኝላቸው ሰው እስከ ዛሬ አላገኙም ማለት ነው። ያ ሰው የልጃቸው መምህር ካልሆነ ማን ይሁን?

አነጋገራችንም ቢሆን ለእነዚህ ፍጥረታት ፊት አልሰጣቸውም። አቋም የሌለው ሰው እስስት ይባላል። ከዳተኛ እፉኝት ነው። እንቁራሪትም ዝሆንን አክላለሁ ብላ የተሰነጠቀች ቂል ናት። ተረቱ ለሥነ ምግባር ይጥቀም እንጂ ስለ እንስሳቱ የሚነግረን ነገር የለም። እስስት መልኳን የምትለውጠው ለማታለል ብቻ ይመስለናል፤ ሲበርዳት ፀሐይ ለመሳብ እንደምትጠቁር፣ ሲጣሉና ሲፈላለጉም ቀለማቸው መነጋገሪያቸው እንደሆነ የሚነግረን ጠፍቶ ነው።

ወደ እንቁራሪቷ ልመለስ፤ ሳቁ የበረታው በእሷ ላይ ነውና። እኔ የተማርኩበት መጽሐፍ ላይ የተሳለችው እንቁራሪት የአውሮፓ እንቁራሪት ነበረች። ኢትዮጵያ ውስጥ የለችም። እኛ ግን ልቧን፣ ጉበቷን፣ የእግሯን አጥንት እየሳልን ተፈተንባት። «እንቁራሪት እንቁላሏን የት ትጥላለች?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ «ውኃ ውስጥ» ነው፤ ሌላ የጻፈ ይሰረዝበታል። አሁን ደግሞ የአገራችንን ጉድ ስሙ። በባሌ ተራሮች የምትኖር አንዲት ትንሽ ጉርጥ አለች። ሳይንሳዊ ስሟ አልቲፍሪኖይደስ ማልኮልሚ ነው። እሷ እንቁላሏን የምትጥለው ውኃ ውስጥ ሳይሆን እርጥብ ሣር ሥር መሬት ላይ ነው። ብዙ እናቶች በአንድ ጎጆ እንደ ማኅበር ይጥላሉ። ጭራ ያላቸው ጫጩቶቿም ኩሬ ሳያዩ፣ ምግብም ሳይቀምሱ፣ በእርጥበቱ ውስጥ አድገው ጉርጥ ይሆናሉ። እንግዲህ የባሌ ልጅ ያየውን ቢጽፍ በፈተና ይወድቃል ማለት ነው። ጉድ እኮ ነው!

በደጋችን የሚኖሩ ቀንድ አውጣን ከነቅርፊቱ የሚውጡ እንቁራሪቶችም አሉ፤ ፓራካሲና ይባላሉ። በደቡብ ምዕራብ ጫካዎቻችን አፈር ውስጥ ደግሞ እግር የሌላት፣ የምድር ትል የምትመስል እንቁራሪት አስተኔ ትኖራለች፤ ከኢትዮጵያ ሌላ በየትም የለችም። በአገራችን የታወቁት እንቁራሪት አስተኔዎች ከ60 ዓይነት በላይ ሲሆኑ ከሦስት እጅ አንዱ የሚበልጡት የእኛ ብቻ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ የኦስጉድ ጉርጥ የተባለችው እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ ባለሙያዎች ቢፈልጓትም አላገኟትም። ጫካው ሲመነጠር፣ ምንጩ ሲረገጥ፣ በቆዳቸው ላይ የሚበቅል ገዳይ ሻጋታም ሲጨመር እንዲህ ዓይነቶቹ በጸጥታ ያልቃሉ። ሻጋታው በባሌ ተራሮች እንቁራሪቶች ላይ መገኘቱ በ2012 በወጣ ጥናት ተገልጿል። እንቁራሪት በሳንባዋ ብቻ ሳይሆን በቆዳዋም ስለምትተነፍስ ውኃው ሲበላሽ ከሰው በፊት የምትታመመው እሷ ናት።

እነዚህን እንስሳት ማን ሰየማቸው? ከሰሜን ብንጀምር ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ እስከ ሰሜን ተራሮች ተጉዞ ሰብስቦ፣ ሰማያዊ ራሱን ገበሎ በ1835 ስም አወጣለት። እንግሊዞች በ1867 እና 68 ወደ መቅደላ ሲዘምቱ ደግሞ ዊልያም ብላንፎርድ የሚባል የድንጋይ ሊቅ አብሮ መጣ። ሠራዊቱ ከዙላ ተነሥቶ በአዲግራት፣ በአሸንጌ፣ ከዚያም በላስታ ተራሮች ሲያልፍ ሰውዬው እንሽላሊትና እባብ ይለቅም ነበር። በ1870 የአገራችንን ድንጋይና እንስሳት የሚዘረዝር ትልቅ መጽሐፍ ለንደን ላይ አሳተመ። አፄ ቴዎድሮስ የሞቱበትን ዘመቻ ሁላችንም በታሪክ ተምረናል፤ በዚያው ጉዞ ከደጃችን እንሽላሊት ተለቅሞ መሄዱን ግን ማን ነገረን?

ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ማልኮልም ላርገን ለረጅም ዘመን እንቁራሪቶቻችንን አጠና። የባሌዋ ጉርጥ የተጠራችው በእሱ ስም ነው። ስሙን የሰጠቻት በ1978 አሊስ ግራንዲሰን የተባለች በለንደን ሙዚየም የምትሠራ ሊቅ ናት። (ይህ የወንዶች ትምህርት ነው፣ ሴት ልጅ እንቁራሪት ትፈራለች ለምትሉ ነው የጻፍኩት።) ላርገን ከስቲቨን ስፖልስ ጋር ሆኖ የኢትዮጵያንና የኤርትራን እንቁራሪት አስተኔዎችና ገበሎ አስተኔዎች በአንድ ጥራዝ ሰብስቦ በ2010 ጀርመን አገር አሳተመ። ሰዎቹን አመሰግናለሁ እንጂ አልወቅስም፤ መጥተው ሠሩ። የሚያሳዝነኝ የእኛ ነው። ከተከዜ በረሃ እስከ ብርዳማው ደጋ የተዘረጋ አገር ውስጥ ተወልደን፣ የዛሬ ሃምሳ ዓመት አንድ የውጭ አገር ሰው በቅሎ ጭኖ ሊያየው የሚመጣውን ነገር እኛ በየቀኑ ረግጠነው እናልፋለን።

ተከዜን ካነሳሁ አይቀር፣ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ እ.ኤ.አ. በ2009 ካለቀ ወዲህ ውኃው እስከ ቆላ ወረዳዎቻችን ተንጣሎ ዓሣ አስጋሪ ወጣቶችን አፍርቷል። በተከዜ አዞ እንዳለም ማንም ያውቃል። አዞ የት ፀሐይ እንደሚሞቅ፣ መቼ እንደሚያድን፣ እንቁላሉን በየትኛው አሸዋ እንደሚቀብር ማወቅ ለዓሣ አስጋሪውና ውኃ ለምትቀዳው እናት የመጽሐፍ ዕውቀት ብቻ አይደለም።

አሁን ቃል ወደገባሁት ወቀሳ። እኔ ትምህርቱን የወሰድኩበት ዩኒቨርሲቲ ስሙ ይቅር። አራት ወር ሙሉ አንድም ቀን ከክፍል አልወጣንም። ጠርሙስ ውስጥ ፎርማሊን የነከራቸው፣ ቀለማቸው የጠፋ፣ ሁሉም ነጭ የሆኑ እንቁራሪቶች ተደርድረዋል። ከመስኮቱ ውጭ ዝናብ እየዘነበ ሕያዋኑ ሲንጫጩ እኛ የላቲን ስም እንሸመድዳለን። ለፈተናው ሰማንያ ስም ሸመደድኩ፤ ዛሬ አሥሩን አላስታውስም። በእንዲህ ያለ መንገድ ከተሰጠ ሳቂዎቹ ልክ ናቸው፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። መፍትሔው ግን ኮርሱን መሸሽ አይደለም፤ መምህሩን «መቼ ነው የምንወጣው?» ብሎ መጠየቅ ነው። አዲስ አበባ ለመሄድ ዕድል ያለውም አራት ኪሎ ከሚገኘው የዩኒቨርሲቲው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ጎራ ይበል።

«ለደመወዝ ዕድገት ምን ይጠቅማል?» ላላችሁኝ፣ ዲግሪ ዲግሪ ነው፤ እርከኑ የሚያየው ወረቀቱን እንጂ የኮርሱን ስም አይደለም። ይህን ያህል ይበቃዋል። «ጠመኔ በሌለበት ትምህርት ቤት እንዴት ይህ ይታሰባል?» የሚለው ግን ያሳስበኛል፤ እውነት ነውና። ነገር ግን ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት ከዚህ የረከሰ ትምህርት ከወዴት ይገኛል? በግቢው የድንጋይ ካብ ላይ ገበሎ አለ። የገበሎ ሰውነት እንደ እኛ ሙቀቱን ከውስጥ አያመነጭም፤ ከፀሐይ ይበደራል። ተማሪዎች ጠዋት በስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ ደመና ሲሆን ምን እንደሚያደርግ፣ ሲሞቀው ወዴት እንደሚገባ ለሁለት ሳምንት ይመዝግቡ። ይኸው ግራፍ፣ ይኸው ሒሳብ፣ ይኸው ሳይንስ! አንዲት ቴርሞሜትር ካለች ደግሞ ድግስ ነው። ዝናብ ሲጀምር የመጀመሪያዋ ጉርጥ የጮኸችበትን ማታ መጻፍስ ምን ወጪ አለው?

አንድ ነገር ልጨምር። በታችኛው ክፍል በኽምጣና የሚማሩ ልጆች እነዚህን እንስሳት በቋንቋቸው የሚጠሩበት ስም አላቸው። እረኛው ሁለቱን እንሽላሊት ለይቶ የሚጠራ ከሆነ ልዩነት አይቶ ነው፤ ምን አይተህ ነው የለየኸው ተብሎ ይጠየቅ። መምህሩ የአማርኛውን ወይም የላቲኑን ስም ከማስተማሩ በፊት የልጁን ስም ይጻፍ። አያቶቹም ሲሄዱ ስሙም አብሮ ሊሄድ ነውና። እባብ ለመያዝ ግን ማንም እጁን አይዘርጋ፤ ከሩቅ አይቶ መጻፍ ይበቃል፣ ስልክ ያለው ከሩቅ ፎቶ ያንሣ።

በዚህ መንፈቅ ለተግባር ልምምድ የምትወጡ ሠልጣኞች አንድ አንድ ደብተር ያዙ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቀበሌውን፣ ሰማዩ ደመና ወይም ፀሐይ መሆኑን፣ ያያችሁትን እንስሳ መልክና የአካባቢውን ስም ጻፉ። ስሙን ካላወቃችሁ ቦታውን ባዶ ተዉት፤ ካልታወቀ ነገር ላይ የውሸት ስም አትለጥፉበት። ደብተሮቹን ሰኔ ሳይገባ ለባዮሎጂ ክፍል ብታስረክቡ፣ የተሻሉትን ገጾች መርጠን በሚቀጥለው እትም ከዚሁ ግድግዳ ላይ እንለጥፋቸዋለን።